ያመለጡን ጥያቄዎች ደብተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር። አንዷ ገና ቡድን እያቋቋመች ነው። ሌሎቹ ውድድሩ መሃል ላይ ናቸው። አንዱ ደግሞ ከተሸነፈ ሦስት ቀኑ ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ከክፍል ውጭ ለ14 ዓመት እንዲህ ዓይነት ቡድን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አላወጣሁም።

«ቲቸር፣ እንደምን ነዎት? የ11ኛ ክፍል ተማሪና የቡድናችን አምበል ነኝ። ዘንድሮ አምስት ግጥሚያ አድርገን በሦስቱ ተሸንፈናል። በጣም ነው የበሸቅነው፤ ምክንያቱም መልሱን እናውቀዋለን። ግን ጥያቄው ሳያልቅ እነሱ ቀድመው ደወል ይጫናሉ። አፋችን ላይ እያለ ይወስዱብናል። እጃችንን እንዴት እናፍጥነው?»
አምበሏ

የኔ ልጅ፣ እጃችሁ ምንም አልሆነም። ሥራ የሚፈልገው ጆሯችሁ ነው።

መጀመሪያ የምትወዳደሩበትን ደንብ በደንብ እዪው። እጅ ብቻውን የሚወስንበት ውድድር አለ። «ጄፐርዲ» በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ጠያቂው አንብቦ ሳይጨርስ ደወል መጫን አይቻልም። ቀድሞ የተጫነ ሰው ለሩብ ሰከንድ ያህል ደወሉ ይዘጋበታል። እዚያ ጣት ወሳኝ ነው። እናንተ ግን ጥያቄው ሳያልቅ እንደሚወስዱባችሁ ነግረሽኛል። ስለዚህ ውድድራችሁ ማቋረጥ የሚፈቀድበት ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሥሩ አሜሪካ ውስጥ በ1953 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የተጀመረው የኮሌጆች ውድድር ነው። የእንግሊዞቹ «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» በ1962 እ.ኤ.አ. የመጣው ከዚያ ተቀድቶ ነው። ልማዱ እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። ለመጀመሪያው ጥያቄ 10 ነጥብ ይሰጣል። አቋርጦ የተሳሳተ 5 ይቀነስበታል። ያገኘ ቡድን ቦነስ የሚባል ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቃል።

በዚህ ዓይነት ውድድር ጥሩ ጥያቄ የሚጻፈው እንደ ፒራሚድ ነው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ፍንጭ ከላይ ይቀመጣል። ከዚያ እየቀለለ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመጣል። እናንተ «እናውቀዋለን» የምትሉት ያንን የመጨረሻውን መስመር ነው። እነሱ ደግሞ ሦስተኛውን ያውቁታል። ልዩነታችሁ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ልምምድ ላይ ያነበብኩትን ጥያቄ ልጻፍልሽ።

«የዚህች ፕላኔት ከፍተኛ ተራራ በፊዚክስ ሊቁ በጄምስ ክለርክ ማክስዌል ስም ይጠራል፤ የቀሩት የገጿ ሥፍራዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በሴቶች ስም የተሰየሙ ናቸው። በ1970 እ.ኤ.አ. ቬኔራ 7 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር አርፋባት መረጃ ልካለች። ጨረቃ የላትም። በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፤ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ይበቃታል። ከፀሐይ ሁለተኛ የሆነችው፣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ፕላኔት ማን ናት?»

«ጨረቃ የላትም» ስል አንዱ ልጅ ደወሉን ተጫነ። «ሜርኩሪ!» አለ። ሜርኩሪ እውነትም ጨረቃ የላትም። ግን ቬነስም የላትም። አምስት ነጥብ ሄደ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ፊቷን ይዛ ቀረች። ለካ «ቬኔራ» ስል ገና ጠርጥራ ነበር። ቬኔራ ማለት በሩሲያኛ ራሷ ቬነስ ናት፤ መልሱ በመንኮራኩሯ ስም ውስጥ ተቀምጧል። ጣቷ ደወሉ ላይ ነበር። «እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው» አለችኝ።

ሁለቱም ያጠፉት አንድ ነገር ነው። አልቆጠሩም። እያንዳንዱን ፍንጭ ስትሰሚ «ከዚህ በኋላ ስንት መልስ ይቀራል?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ከቀረ ተጫኚ። ሁለት ከቀሩ አንድ ትንፋሽ ጠብቂ። ልጁ ሁለት ቀርተውት ተጫነ፤ ልጅቷ አንድ ቀርቷት ጠበቀች።

ይሄ ደግሞ ይለመዳል። በልምምድ ጊዜ አንዱ ያንብብ፣ ሌሎቻችሁ ወረቀት ያዙ። ደወል አትንኩ። መልሱ ብልጭ ባለላችሁ ቦታ የሰማችሁትን የመጨረሻ ቃል ብቻ ጻፉ። ጥያቄው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ማን የት እንደገባው፣ ማን የት እንደቸኮለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ታዪዋለሽ።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ታገሺኝና ላብራራው። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ፣ በዚያው ማታ ሳትተኙ፣ ያመለጣችሁን ጥያቄ ሁሉ ጻፉ። የመለሳችሁትን ተዉት። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በስተቀኝ መልሱ ይሁን። በስተግራ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ጥያቄውን ያስገኝላችሁ የነበረው ፍንጭ ይጻፍ። «የማክስዌል ተራራ» በግራ፣ «ቬነስ» በቀኝ። በማግስቱ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ። ከሦስት ቀን በኋላ ድገሚው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ። ከዚያ ከወር በኋላ።

አደራ፣ ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። መሸፈኑ ነው ቁም ነገሩ። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ጥናት አለ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንዴ ብቻ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። የእናንተ ግጥሚያ ደግሞ ካጠናችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም የሚደረገው።

የተሸነፋችሁባቸውን የሦስቱን ግጥሚያዎች ጥያቄ አሁንም የምታስታውሱትን ያህል ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። አራታችሁ አንድ ላይ ከሆናችሁ ከምታስቡት በላይ ይወጣል።

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ መምህርት ነኝ። ርዕሰ መምህሩ የጥያቄና መልስ ቡድኑን ለእኔ ሰጥተውኛል። ስምንት ልጆች ተመዝግበዋል፤ የሚሰለፉት አራት ናቸው። እንዴት ነው የምመርጠው? ዓመቱንስ እንዴት ላቅደው?»
አዲሷ አሠልጣኝ

የሥራ ባልደረባዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። መጀመሪያ እኔ ያጠፋሁትን ልንገርዎት።

በመጀመሪያው ዓመት ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ አራት ልጆች መረጥኩ። ጎበዞች ነበሩ። አራቱም ግን የሳይንስ ልጆች ናቸው። ፊዚክስ ሲጠየቅ አራት እጅ በአንዴ ደወል ላይ ይወርዳል። ሥነ ጽሑፍ ሲመጣ አራቱም ጣራ ጣራ ያያሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ ወጣን። የአራቱ እውቀት ተደራራቢ ነበር፤ እንደ ቡድን ስንቆጠር የአንድ ተኩል ሰው ያህል ብቻ ነበርን።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ነው የማደርገው። ከየዘርፉ የተውጣጡ 40 ጥያቄዎች ለሁሉም አነባለሁ፤ መልሳቸውን በወረቀት ይጽፋሉ። ድምሩን አላየውም። የማየው በየዘርፉ ማን ምን እንደመለሰ ነው። ከዚያ ወረቀታቸው ሲደራረብ ክፍተቱ የሚያንስላቸውን አራት ልጆች እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ ከክፍሉ 23ኛ የወጣ ልጅ አሰልፌ አውቃለሁ። ኳስ ወዳድ ነበር። የክለቦችን ከተማ ሲፈልግ ካርታ በቃሉ ይዞ ቁጭ አለ። «አራት የአገር ዋና ከተሞችን የሚያቋርጠው…» ሲባል ደወሉን ተጫነና «ዳኑብ» አለ። ምን ይሄ ብቻ፣ ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትንና ቤልግሬድን ወንዙ በሚፈስበት ቅደም ተከተል ጠራልኝ። ያን ዓመት ጂኦግራፊ የሚባል ጥያቄ ከእጃችን አልወጣም።

ያልተሰለፉትን አራቱን እንዳያባርሯቸው። ስምንት ልጅ ማለት ሁለት ቡድን ማለት ነው። ልምምድ ያለ ተጋጣሚ ልምምድ አይሆንም።

ዕቅዱን በተመለከተ፣ ዓመቱን በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ክፍል ልጆቹ ዘርፍ ይከፋፈሉ፣ በሰፊው ያንብቡ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዋና ዘርፍና አንድ ደጀን ዘርፍ ይኑረው። በመሃለኛው ጊዜ በብዛት ይጋጠሙ፤ ከላይ ለአምበሏ የጻፍኩላትን ደብተር ያኔ ይሙሉ። ከፍጻሜው በፊት ባሉት ሳምንታት ግን አዲስ ነገር አይጫኑባቸው። ደብተሩን ብቻ ይከልሱ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጭንቅላታቸው አይቀበልም፤ እርስዎም ይደክማሉ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ሁልጊዜ እርስዎ ብቻ አያንብቡላቸው። ልጆች የአንድ ሰው ድምፅ ይለምዳሉ። የት እንደሚያዘግም፣ የት ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ያውቁታል። የውድድሩ ቀን እንግዳ ጠያቂ ሲመጣ ይደናገራሉ። ሌሎች መምህራንን ይለምኑ። ፈጣን አንባቢ፣ ቀስ ያለ አንባቢ፣ ጉሮሮው የሚይዘው አንባቢ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ሁለተኛው ቦነስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የአንድ ሰው ነው፤ ቦነሱ የአራቱ ነው። ተመካክረው አምበሉ ነው የሚናገረው፤ ያላቸው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። በአምስት ሰከንድ መመካከር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አራቱም በአንዴ ካወሩ ማንም አይሰማም። እኔ ልጆቹን የማስለምዳቸው የዘርፉ ባለቤት መጀመሪያ እንዲናገር ነው። እሱ ካላወቀ «የለኝም» ብሎ ወዲያው ይልቀቀው። ይህችን «የለኝም» ማለት ለማስለመድ አንድ ወር ይፈጃል። ጎበዝ ልጅ አላውቅም ማለት ይከብደዋል።

«ዳኛው ትክክለኛ መልሳችንን ስህተት ነው አሉን። ተጨቃጨቅን። ጭራሽ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ምን ማድረግ ነበረብን?»
የተበደለው ቡድን

አምበላችሁ ብቻ መናገር ነበረበት። ያውም በቀስታ። ብዙ ውድድሮች አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓትና የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ግጥሚያው ካበቃ በኋላ ጩኸት ዋጋ የለውም። የጥያቄውን ቁጥር ጻፉ። ያላችሁትን መልስ ቃል በቃል ጻፉ። «ጥያቄ ቁጥር 9 ላይ አቤቱታ አለን» ብላችሁ አስመዝግቡና ጨዋታችሁን ቀጥሉ። አንድ ጊዜ የእኛ ልጅ የቻይናን ዋና ከተማ «ፔኪንግ» ብሎ መልሶ ተከለከለ። አምበላችን ምንም አልተቆጣችም። «ፔኪንግና ቤጂንግ የአንድ ከተማ ስም ናቸው፤ እባክዎ ይመልከቱልን» አለች። በእረፍት ሰዓት ታይቶ ነጥቡ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ግን ልጆቹ ሦስት ጥያቄ መልሰው ነበር፤ የጠቀማቸው ልባቸውን እዚያ ጥያቄ ላይ ትተው አለመቅረታቸው ነው።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቡድኑ ውስጥ ከገባች ወዲህ ማታ ማታ ከትምህርቷ ጋር የማይገናኝ ነገር ስታነብ ነው የማገኛት፤ የሥዕል ታሪክ፣ የወንዞች ስም። የሒሳብ ውጤቷ ከ86 ወደ 71 ወርዷል። ላስወጣት ወይስ ልተዋት?»
እናት

እመቤቴ፣ አያስወጧት። ግን ዝም ብለውም አይተዋት። 15 ነጥብ ቀላል አይደለም፤ መጨነቅዎ ትክክል ነው።

ዛሬ ማታ አብረው ቁጭ ይበሉና ሰዓቷን በወረቀት ታስቀምጥልዎት። የቡድኑ ልምምድ የታወቀ ቀን ይኑረው። ቤት ውስጥ ለውድድሩ የምታነበው ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፤ እሱም ከሒሳብ የቤት ሥራ በኋላ ይሁን። አሠልጣኟንም ያነጋግሩ። እኔ ከፈተና በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ አቆማለሁ። ይህን የማያደርግ አሠልጣኝ ካለ ሊጠየቅ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቋት። «ለውድድሩ ስታጠኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ይበሏት። ምናልባት ካርድ ጽፋ፣ መልሱን ሸፍና ራሷን ትጠይቅ ይሆናል። ከዚያ «ለሒሳብስ?» ይበሏት። እኔ ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ለሒሳብ የሚያደርጉት የተሠራ ምሳሌ ደጋግሞ ማየት ነው። ሲያዩት ይገባቸዋል፤ ወረቀቱ ባዶ ሲሆን ይጠፋባቸዋል። ለወንዞቹ የምታደርገውን ለሒሳብም ታድርገው። ምሳሌውን ሸፍና ራሷ ትሥራው፣ ከዚያ ታመሳክረው። በሚቀጥለው ፈተና ውጤቱን ይጻፉልኝ፤ ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

«ቲቸር፣ እኔ ተጠባባቂ ነኝ። ሰባት ግጥሚያ አብሬያቸው ሄጃለሁ። የገባሁት በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በሰፊው እየመራን ስለነበር ነው። የሌሎችን ቦርሳ ስጠብቅ ነው የምውለው። ልተወው እንዴ?»
አምስተኛዋ

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቦርሳ ጠባቂ መሆን አይገባሽም። አሠልጣኞች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ልጅን ሰባት ጊዜ ይዞ ሄዶ አንዴ ብቻ ማስገባት ልክ አይደለም።

ከመተውሽ በፊት ግን የአንዲት ተማሪዬን ነገር ልንገርሽ። እሷም አምስተኛ ነበረች። አንድ ቀን ማንም ሳያዛት ደብተር ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲነበብ ዘርፉን፣ ማን እንደመለሰውና በስንተኛው ፍንጭ ላይ እንደተመለሰ ትጽፋለች። ስድስት ግጥሚያ እንዲህ መዘገበች። ከዚያ መጥታ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ቲቸር፣ 17 የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ጥያቄ መጥቷል። እኛ ያገኘነው ሁለት ነው» አለችኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። ተሰላፊዎቹም አላዩትም፤ እያንዳንዱ የራሱን ዘርፍ እየጠበቀ ነው የሚጫወተው። ያየችው ከዳር የተቀመጠችው ብቻ ናት።

ዘርፉን ለራሷ ወሰደችው። ለሦስት ሳምንት በቀን አምስት ሥዕል ታያለች። ሥዕሉን፣ ሠዓሊውን፣ ዓመቱን፣ አሁን ያለበትን ቦታ ትጽፋለች። ከዚያ ሸፍና ራሷን ትጠይቃለች። ሩብ ፍጻሜ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ አስገባኋት። ጠያቂው «ከአርባ ዓመት በላይ ኒው ዮርክ ቆይቶ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ ስፔን የተመለሰው…» ሲል ደወሉ ጮኸ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጌርኒካ» አለች። የፒካሶ ሥዕል ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የሣለው። ቦምቡም፣ ፈረሱም፣ ጥቁርና ነጩ ቀለምም ገና አልተጠቀሱም ነበር። ተጋጣሚዎቹ ደወላቸው ላይ እጃቸውን እንኳ አላሳረፉም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። የሚቀጥለውን ግጥሚያ መዝግቢ፣ የማንም ያልሆነውን ዘርፍ ፈልጊና ያዢው። ከዚያ ወደ አሠልጣኝሽ ሄደሽ በግልጽ ንገሪው። «ይህን ዘርፍ አጥንቻለሁ፤ የሚቀጥለው ግጥሚያ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ መግባት እፈልጋለሁ» በይው። ደንባችሁ በአጋማሽ መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። እምቢ ካለሽና ልብሽ ከቆረጠ፣ መተው ያንቺ መብት ነው። ማንም አይወቅስሽም።

«ቲቸር፣ ፍጻሜ ላይ በእኔ ምክንያት ተሸነፍን። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ በ20 ነጥብ እየመራን ነበር። ጨረር ስላገኘ ሳይንቲስት ይናገራል፣ የፎቶ ሰሌዳ ሲል ተጫንኩና ‹ቤከሬል› አልኩ። መልሱ ‹ሮንትገን› ነበር። 5 ተቀነሰብን፣ እነሱ 10 አገኙ፣ ከቦነሱም 20። በ15 ነጥብ ተሸነፍን። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ከቡድኑ ልጆች ጋር አላወራንም። ትምህርት ቤት መሄድ አስጠልቶኛል። ገና 10ኛ ክፍል ነኝ።»
የመጨረሻው ደወል

አይዞህ የኔ ልጅ። ይህ ደብዳቤ ቢዘገይብህ ብዬ ፈርቼ ለአንተ አስቀድሜ በግል ጽፌልሃለሁ። እዚህም የምደግመው እንዳንተ የሆኑ ሌሎች ስለሚኖሩ ነው።

መጀመሪያ ስለ መልስህ። ያልከው ከሜዳ የወጣ ነገር አይደለም። ሮንትገን የራጅ ጨረርን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ቤከሬል ያንን ሰምቶ ነው ምርምሩን የጀመረው፤ በ1896 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዩራኒየም የፎቶ ሰሌዳ እንደሚያጠቁር ያየው ያኔ ነው። ሁለቱም የፎቶ ሰሌዳ ተጠቅመዋል። በመሃላቸው ያለው ጥቂት ወራት ነው። ሁለት መልስ ቀርቶህ ነበር፤ አንዱን መረጥክ። ያ መቸኮል ነው፤ አለማወቅ አይደለም። ሁለቱን በደብተርህ ላይ ጎን ለጎን በአንድ መስመር ጻፋቸው። የሚለያቸውንም ጻፍ፤ ሮንትገን የሚስቱን እጅ በራጅ አነሳ፣ ቤከሬል ደግሞ የዩራኒየም ጨው ተጠቀመ። ከእንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች በሕይወትህ አታምታታቸውም።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት የእኔም ቡድን ልክ እንዲህ ተሸንፏል። የመጨረሻውን ደወል የተጫነው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነው የሄደው። ማንም ምንም አላለውም። ዝም ማለታቸው ነው የጎዳው። በማግስቱ አራቱንም ጠርቼ የግጥሚያውን የውጤት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። «አብረን እንቁጠር» አልኳቸው። ስድስት ጥያቄ አግኝተን ነበር። እያንዳንዱ ባለ ሦስት ክፍል ቦነስ አለው፤ 18 ማለት ነው። ከ18ቱ ሰባቱን ስተናል። ሰባት ጊዜ አሥር፣ ሰባ ነጥብ። ከሰባቱ ውስጥ ሁለቱን አንደኛዋ ልጅ ታውቃቸው ነበር፤ አምበሉ ሳይሰማት ሌላ መልስ ሰጠ። አምበሉ ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ ልጁን «እኔም አለሁበት» አለው። ከዚያ ሌላዋም ተናገረች። ልጁ ያኔ ነው ያለቀሰው።

አንተ ጋ የቀረው ልዩነት 15 ነጥብ ነው። ሁለት የቦነስ መልስ ይበልጠዋል። 20 ጥያቄ በተጠየቀበት ግጥሚያ ከአራታችሁ ሁለት የቦነስ መልስ ያልሳተ ካለ ንገረኝ።

ለጓደኞችህ ቀድመህ አውራቸው። እነሱ እስኪመጡ አትጠብቅ፤ እነሱም ምን እንደሚሉህ ጨንቋቸው ይሆናል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ቸኮልኩ፣ ይቅርታ። ወረቀቱን አብረን እንየው?» በላቸው። የውጤት ወረቀቱ አሠልጣኛችሁ ዘንድ ይኖራል። እጅህ ሲገባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እኔም ከዚህ እቆጥራለሁ።